ምስጋናን በዝርዝር፣ ተስፋን በ«ስለዚህ»

ብዙ ጊዜ ስንጸልይ «ጌታ ሆይ፣ ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ብለን ቶሎ ወደ ልመናችን እንሻገራለን። ስሕተት የለበትም። ግን ከሳምንት በኋላ የሚታወስ ነገር አይተውልንም፤ ክፉ ቀን ሲመጣም ተስፋችን የሚደገፍበት ያጣል።

ሳሙኤል ድንጋይ አቁሞ «እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል» ያለው (1ኛ ሳሙኤል 7፥12) ሕዝቡ የሚያየው ምልክት እንዲኖረው ነው። መዝሙር 136ም «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያለ 26 ጊዜ ሲመላለስ፣ ከፊቱ ሥራዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ባሕሩን፣ ምድረ በዳውን፣ ነገሥታቱን ሳይቀር በየስማቸው።

ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ምን እንደ ሆነ፣ በማን በኩል እንደ መጣ፣ ባይሆን ኖሮ ምን ይጎድል እንደ ነበር ጻፉ። «ስለ ጤና» ከማለት «የልጁ ትኩሳት ለቀቀው፤ ጎረቤታችን አብራን አደረች» ማለት ይሻላል። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን የዛሬ ወር የጻፋችሁትን ገጽ አንብቡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ የልምምዱ ጉልበት ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ካነበባችሁት አንዱን መርጣችሁ ከሥሩ «ስለዚህ» ብሎ የሚጀምር አንድ የተስፋ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ሰቆቃወ ኤርምያስ 3፥21-23 ኢየሩሳሌም ፈርሳ ሳለ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ የእግዚአብሔርን ምሕረት ወደ ልቡ ይመልሳል፣ ከዚያ ተስፋ ያደርጋል።

የሚበላሽበትም ቦታ አለ። በሉቃስ 18፥11 ፈሪሳዊው ጸሎቱን የጀመረው በምስጋና ነበር፤ ምስጋናው ግን እንደ ሌሎች ሰዎች ባለመሆኑ ነው። በደብተራችሁ ውስጥ ሌላው ሰው ዝቅ ያለበት ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ሰርዙት።

ሌላው ሕመምን በምስጋና መሸፈን ነው። ጳውሎስ «በሁሉ አመስግኑ» ሲል (1ኛ ተሰሎንቄ 5፥18) እንባን አልከለከለም። መዝሙር 13 ስድስት ቁጥር ብቻ ሆኖ «እስከ መቼ» የሚለውን አራት ጊዜ ይጠይቃል፤ ዝማሬው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በግራው ገጽ ልቅሶውን፣ በቀኙ ምስጋናውን፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ስር መጻፍ ይቻላል።

ከሁሉ የከፋ ስብራት የሚያመጣው ግን ተስፋን ከቀን ቀጠሮ ጋር ማሰር ነው። «በዚህ ወር ሥራ አገኛለሁ» የሚለው ምኞት ነው፤ ለምኑት፣ ነገር ግን እግዚአብሔር ያልሰጠውን ቃል በስሙ አትጻፉ። ወሩ ሲያልፍ የሚወድቀው ምኞቱ ብቻ አይሆንም፤ እምነትም አብሮ ይናጋል። የተሰጠው ቃል በሮሜ 8፥38-39 ያለው ነው፤ ከፍቅሩ የሚለየን የለም። በዳንኤል 3፥17-18 ሦስቱ ወጣቶች ሁለቱንም በአንድ እስትንፋስ ተናገሩ፦ ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም ለጣዖቱ አንሰግድም። ከእያንዳንዱ ልመናችሁ ሥር «ባይሆንም» የሚል መስመር ጨምሩ፤ ሲጽፉት እጅ ይከብዳል፣ ቢሆንም ጻፉት።

ሐዘን ገና ትኩስ ለሆነበት ሰው ደብተር አታስይዙት። መዝሙር 88 በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል ማለት ይቀላል፤ እርሱም ግን በመጀመሪያው ቁጥር የመድኃኒቱን አምላክ ይጠራል። ከሰውየው ጋር ያንን መዝሙር አንብቡ፣ አብራችሁት ዝም በሉ። ያያችሁለትን በጎ ነገር እናንተ በራሳችሁ ደብተር ጻፉለት፤ በጠየቀ ቀን ታነብቡለታላችሁ።