ክረምት ያላስለቀቀው ድካም

አስተማሪ ሲደክመው «አይዞህ፣ ክረምት ይመጣል» ይባላል። ክረምቱ መጣ፣ ተኛሁ፣ አረፍኩ። መስከረም ላይ ያው ነበርኩ።

የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ። በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪ አለ። ለተከታታይ ምዘና ፈተናው፣ የቤት ሥራው፣ ደብተሩ ሁሉ ታርሞ ማርክ ሊስት ላይ ይሰፍራል። በዚያ ላይ የክፍል ኃላፊ ነኝ፣ ክበብ አለብኝ፣ ቅዳሜ ደግሞ ማጠናከሪያ።

ያስደነገጠኝ ግን ድካሙ አይደለም። ተማሪ እጁን ሲያወጣ «ደግሞ ምን ሊል ነው?» ማለት ጀመርኩ። ስማቸውን መጥራት ቀርቶ «አንተ፣ ከኋላ ያለኸው» ሆነ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክርስቲና ማስላክ በርንአውትን፣ ማለትም ከሥራ ጫና የሚመጣውን መዛል፣ በሦስት ነገር ይለዩታል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ለሰው ልብ መደንደን፣ «የሠራሁት ነገር የለም» የሚል ስሜት። ሦስቱም ነበሩብኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ የሚመጣ ችግር እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም ብሎ መድቦታል። ከሥራ ከመጣ ደግሞ መነካት ያለበት ሥራው ነው።

በእርማት ጀመርኩ። ደብተር ተሸክሞ ቤት መሄድ ቀረ። ልጆቹ የቡድን ሥራ ሲሠሩ በየረድፉ እየዞርኩ እዚያው አርማለሁ። አጭር ፈተና ተቀያይረው ያርማሉ፤ እኔ ጥቂቱን መዝዤ አያለሁ። ድርሰት ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የማየው፤ ዛሬ ግሥ ከሆነ ግሥ ብቻ። (በቀይ የተዥጎረጎረ ወረቀቱን አንብቦ የሚያስተካክል ልጅ መቼም አላየሁም።) ፈተና ማውጣቱንም ከትምህርት ክፍላችን መምህራን ጋር በምዕራፍ ተከፋፈልን።

ከባዱ ክበቡ ነበር። ብቻዬን ብጠይቅ «ሥራ ጠላ» መባሌ አይቀርም። ስለዚህ የሁላችንንም ክፍለ ጊዜና ተጨማሪ ሥራ በአንድ ወረቀት ጽፈን፣ ተያይዘን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን። አንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት ኃላፊነት ተደራርቧል፣ አንዳንዱ ላይ ምንም የለም። እሳቸውም ወረቀቱን ሲያዩ ሊከራከሩን አልቻሉም። የክፍል ኃላፊ በሆነ ሰው ላይ ክበብ እንዳይደረብ ተወሰነ።

ደመወዙ ያው ነው፣ የተማሪውም ቁጥር ያው። «በረጅሙ ተንፍሱ» የሚል ሥልጠና ሲሰጠን ሳቄ የሚመጣው ለዚህ ነው። ስም ግን መጥራት ጀምሬያለሁ።

የቅዳሜውን ማጠናከሪያ ገና አልፈታነውም። በተራ ይሁን አልን፤ የሒሳብ መምህራን ጥቂት ስለሆኑ ተራው ቶሎ ቶሎ እየደረሰባቸው ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የምናነሳው እሱን ነው።