እማዬና ወናፉ

ዛሬ እሑድ ሞተር ሳይክሌን ግቢ ውስጥ ፈታኋት። ደሴ ላይ ፀሐይ የወጣበት እሑድ አይባክንም፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን ገፍፎ ሳየው ቁልፎቼን ይዤ ወጣሁ።

ነገሩ የፊት አሞርዛተሩ ነው። በየቀኑ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ፤ ማታ ያንኑ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እመለሳለሁ። ላይ ጭቃ፣ ታች አቧራ፣ መሃል ላይ ከባድ መኪና የሚያስፈነጥረው ጠጠር። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በአሞርዛተሩ በሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው በወረደ ቁጥር የያዘውን አሸዋ ዘይት ወደሚያግደው የላስቲክ ቀለበት ይዞ ይገባል፤ ቀለበቱ ይበላል፤ ዘይቱ ይወርዳል። ባለፈው ክረምት አንድ ጋራዥ ቀለበቱን ቀየረልኝ፤ ቱቦውን ግን ሳያየው መለሰው። ሁለት ወር ሳይሞላ እንደገና አላበው። ከከፈልሁት ገንዘብ ይልቅ «የመንገዱ ጥፋት ነው» መባሌ እስካሁን ያናድደኛል። ከሁለተኛው ቅያሪ በኋላ ነው እነዚህን ቱቦው የሚለብሳቸውን እጥፍጥፍ የላስቲክ ሽፋኖች የገዛሁት።

ከሞተሩ ሥር ክሪክ አስገብቼ የፊት ጎማውን ከመሬት አነሣሁ። የፍሬኑን ገመድ፣ ጎማውን፣ ፓራፋንጎውን አወጣሁ። ቱቦዎቹን የያዙትን ቡሎኖች ከማላላቴ በፊት ጫፋቸው ከመያዣው በላይ ምን ያህል እንደሚወጣ በማስመሪያ ለካሁ፤ 6 ሚሊ ሜትር። ሁለቱ እግሮች እኩል ካልተመለሱ መሪው አይታመንም።

ቀኙን ቱቦ በጨርቅ ስጠርገው ጥፍሬ አንድ ነገር ያዘው። የምስር ፍሬ የምታህል የዝገት ጉድጓድ! ሁለት ጊዜ ቀለበት ያስበላችኝ እሷ ነበረች። ደቃቁን ብርጭቆ ወረቀት ዘይት ነክሬ ጠርዟን ብቻ ቀስ ብዬ አለሰለስሁ። ሳላያት ሽፋኑን አልብሼባት ቢሆን ኖሮ ከውስጥ እርጥበት ይዛ ተደብቃ ትሰፋ ነበር። እዚህች ምስር ላይ ከሌላው ሥራ ሁሉ የበለጠ ቆየሁ።

ሽፋኑ በደረቁ እምቢ አለ። የሳሙና አረፋ ቀባሁት፤ ተንሸራቶ ገባ። የግራውን አስሬ ስጨርስ እማዬ ከደጃፉ የምስር ሰፌዷን ይዛ ትመለከተኝ ነበር።

«ይኼ የቀጥቃጭ ወናፍ ነው እንዴ?»

«መሸፈኛ ነው እማዬ፣ አቧራ እንዳይገባ።»

«ወናፍማ ይመስላል። ታዲያ በየት በኩል ነው የሚተነፍሰው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ትንንሾቹ የአየር ቀዳዳዎች ወደ ፊት ዞረዋል፤ ማለትም ጎማው የሚረጨውን ጭቃ ሊቀበሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ምንም ሳልናገር ማሰሪያውን ቆርጬ ሽፋኑን ወደ ኋላ አዞርሁት። እሷም ምንም አላለችም፤ ፈገግታዋን ግን አይቻለሁ።

ማሰሪያዎቹን ላስቲኩ እንዳይጨማደድ በልክ አጠበቅሁ፤ ሌላውን ሁሉ በአመጣጡ መለስሁ። 6 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱም። ክሪኩን አውርጄ የፊቱን ፍሬን እንደያዝሁ መሪውን ወደ ታች ደጋግሜ ገፋሁት። እጥፋቶቹ ተሰበሰቡ፣ ተዘረጉ። እማዬ ተነሥታ መዳፏን ከሽፋኑ ኋላ አስጠጋች።

«እንደገና ግፋው።»

ገፋሁት።

«አብሽር፣ ይተነፍሳል» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።