ቆሻሻ የመሰለኝ ጥቁር ነጥብ

ስለ ወባና ስለ ሰውነታችን መከላከያ በራሴ ማንበብ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የዚህ ሳምንቱ ትምህርት ትንሽ አሳፍሮኛል።

ላቦራቶሪ ስሠራ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ቡናማ ጥቁር ነጥብ አያለሁ። የጊምሳ (የደም ስላይድ የምናቀልምበት) ቀለም ዝቃጭ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ለካ ሄሞዞይን ኖሯል! የወባ ፓራሳይት (የበሽታው ተውሳክ) ኩስ በሉት።

ፓራሳይቱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ተቀምጦ ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚውን ፕሮቲን) ይበላል። ከምግቡ ሂም የሚባል ብረት ያዘለ ነገር ይተርፋል። ሂም ደግሞ ለራሱ ለፓራሳይቱ መርዝ ነው። ስለዚህ ወደማይሟሟ ክሪስታል ይለውጠዋል። ክሎሮኪን የሚባለው የወባ መድኃኒት የሚሠራው ይህን ሂደት አግዶ ነው፤ ፓራሳይቱን በገዛ መርዙ ይገድለዋል።

ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ በሚባሉት የወባ ዓይነቶች ቀይ ሴሉ በየ48 ሰዓቱ ገደማ ይፈነዳል። ክሪስታሉም ከሌላው ትርፍራፊ ጋር ደም ውስጥ ይረጫል። ሞኖሳይትና ማክሮፌጅ የሚባሉት ዋጭ የመከላከያ ሴሎች ይውጡታል፣ ቲኤንኤፍንና ኢንተርሉኪን-1ን (ትኩሳት የሚቀሰቅሱ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን) ይለቃሉ። የሚያንዘፈዝፈውና የሚያተኩሰው ያኔ ነው። ግን የሚያስቆጣቸው ክሪስታሉ ነው ወይስ የተለጠፈበት የፓራሳይቱ ዲኤንኤ? ሁለት ቀን እዚህ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ለነገሩ ተመራማሪዎቹም ተከራክረውበታል።

በጣም የገረመኝ ተቃራኒው ነው። ማክሮፌጁ ክሪስታሉን ይውጠዋል እንጂ መፍጨት አይችልም። ጠግቦ እንደተኛ ዘበኛ ይሆናል። በላቦራቶሪ ሙከራ ሄሞዞይን የዋጡ ሞኖሳይቶች ሌላ ነገር ደግመው መዋጥ አቅቷቸው ታይቷል። መቅኒ ውስጥ ሲከማች ደግሞ የአዲስ ቀይ ሴል ምርት ይቀንሳል። የወባ ደም ማነስ የሚመጣው ሴሉ በመፈንዳቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በ1880 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን አልጄሪያ፣ ኮንስታንቲን ከተማ ፓራሳይቱን ያገኘው ይህንኑ ጥቁር ቀለም ሲከታተል ነው። እኔ ቆሻሻ ነው ብዬ የማልፈውን ማለት ነው።

አሁን እንዴት እንደምለየው ልንገራችሁ። ዝቃጭ ከሆነ ከሴሉ ውጭም ተበትኖ ይታያል፤ ፎከሱን ትንሽ ዞር ሳደርገው ከሴሉ በላይ ተንሳፎ አገኘዋለሁ። ሄሞዞይን ግን ከሴሉ ጋር እኩል ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ያብለጨልጫል። ኒውትሮፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሴልም አትርሱ። በጠና የታመመ ሰው ላይ ከ100 ኒውትሮፊል 5ና ከዚያ በላይ ይህን ቀለም ካዘሉ መጥፎ ምልክት ነው።

ትናንት 10 የመለማመጃ ስላይዶችን ደግሜ አየሁ። ሁለቱ ላይ አገኘሁት። አንዱ ላይ ግን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።