ጣና ላይ የድሮ የጀልባ ሞተር ጉልበት ሲያጣ

ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር፣ ደህና የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሰው ተጭኖ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሲነሳ ድምፁ እየወረደ ይሄዳል፤ ጀልባውም ከውኃው ቀና ማለት ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ወዲያው ካቻቢቴ አንሥቶ ካርቡሬተሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ መፍታት ይጀምራል። እባካችሁ እሱን አቆዩት። ከዚያ በፊት በባዶ እጅ የሚታወቁ ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ድምፁን ስሙ። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድ ከሆነ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ አይደለም። በፕሮፔለሩ እምብርት ውስጥ ያለው ጎማ ለቆ ዘንጉ ብቻውን እየዞረ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ የማጥፊያውን ገመድ ነቅላችሁ፣ ከውስጠኛው ብረት እስከ ውጪኛው አካል አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩ። ሙሉ ቤንዚን ሰጥታችሁ ሄዳችሁ ስትመለሱ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ካገኛችሁት ጎማው ለቋል ማለት ነው።

ድምፁ የሚወርድ ከሆነ ግን ከቤንዚን ጀምሩ። የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ክፍት ነው? ከዚያ ጀልባው እየሄደ፣ ጉልበት ባጣበት ሰዓት፣ አንድ ሰው ቱቦው ላይ ያለችውን የእጅ መጭመቂያ ጎማ ደጋግሞ ይጨምቅ። ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ቤንዚን አልደረሰውም ማለት ነው፤ ወይ የቤንዚን ፓምፑ ስስ ሽፋን ተቀዷል፣ ወይ ቱቦው አየር ይስባል። ጎማዋ ራሷ ተጣብቃ ጠፍጣፋ ሆና ከተገኘች ደግሞ መዘጋቱ ከእሷ በፊት፣ በታንኩ በኩል ነው። አየር የሚገባበትን ለማግኘት ከሞተሩ አጠገብ ለጊዜው አንድ ስንዝር የሚያሳይ የቤንዚን ቱቦ ቀጥሉ፤ አረፋ ሲያልፍ በዓይን ይታያል። ያረጀ ቱቦ ውጪው ጤነኛ መስሎ ውስጡ ይላጣል፣ ስለዚህ ከመጠራጠር መቀየሩ ይሻላል። በጀሪካን የሚገዛ ቤንዚን ውኃ አያጣውም፤ ከታንኩ ግርጌ ጥቂት በጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡት፣ ውኃ ካለ ከታች እንደ ዶቃ ይለያል።

ቀጥሎ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ። አንዱ ቡናማ ሆኖ ሌላው በቤንዚን የራሰ ከሆነ ያ ሲሊንደር አይሠራም። ካንዴላዎቹን አቀያይሩ፤ ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው፣ እዚያው ከቀረ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ ወደሚሰጠው ቦቢና ሂዱ። ግማሽ ሰዓት ደህና ሠርቶ የሚደክም፣ ሲበርድ ደግሞ የሚድን ሞተር ላይ የካንዴላውን ብልጭታ መፈተሽ ያለባችሁ ሞተሩ እንደጋለ ነው። የበረደ ቦቢና ያታልላል።

አንዱ ካንዴላ ከሌላው ይልቅ ነጭ ከሆነ ሞተሩን አታስገድዱት። የዚያ ሲሊንደር ዋና ጄት፣ ማለትም ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን በልክ የሚያልፍባት ቀዳዳ፣ በከፊል ተዘግታ ሊሆን ይችላል። በሁለት ምት ሞተር ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ቤንዚን ያነሰው ፒስተን ዘይትም ያንሰዋል፤ ይግላል፣ ይነክሳል፣ መጨረሻው ይበሳል። ጄቱን በሽቦ አትውጉት፣ ቀዳዳው ከሰፋ ልኩ ጠፋ። በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፋችሁ በአየር ንፉት። ቅልቅሉም አምራቹ 50 ለ 1 ካለ፣ ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር የጀልባ ሁለት ምት ዘይት ነው።

እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ማቀዝቀዣውም የጉልበት ጉዳይ ሆኗል። በተለይ በደምቢያና በፎገራ በኩል ሥሩ የውኃ መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። ከኋላ የሚፈሰው የውኃ ቀጭን ጅረት ከሳሳ ወይም እንፋሎት ከሆነ ወዲያው አጥፉ። ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ ውኃው ከቀነሰ የውኃ ፓምፑን የጎማ ክንፎች አውጥታችሁ እዩ። ክንፍ ከጎደለ ቁራጩን ሳታገኙ አትግጠሙ፤ ወደ ላይ ወጥቶ መተላለፊያውን ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበትን ግፊት፣ በመለኪያ ለኩ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የማጥፊያው ገመድ ተነቅሎ፣ ቤንዚን መስጫው ሙሉ ተከፍቶ፣ የመለኪያው መርፌ መጨመር እስኪያቆም የማስነሻውን ገመድ ሳቡ። ቁጥሩ ብቻውን አያስደንግጣችሁ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በባሕር ወለል ከፍታ 120 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ ወደ 100 ያነባል። የሚያሳስበው የሲሊንደሮቹ ልዩነት ነው። ከአሥር በመቶ በላይ ከተራራቁ የፒስተኑን ፋሻ (ቀለበት) ወይም የራስጌውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ጠርጥሩ።

በዚሁ ምክንያት ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ የሚሰጠው ወደ 33 ነው። ስለዚህ «ከተገዛ ጀምሮ ደካማ ነው» የሚባል፣ የሚያጨስ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ የሚጠቁሩ ሞተር ብልሽት ላይኖረው ይችላል። በአምራቹ የከፍታ ሠንጠረዥ መሠረት አነስ ያለ ዋና ጄትና እርምጃው (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበት ርቀት) አጠር ያለ ፕሮፔለር ይፈልጋል። እርምጃውን በአንድ ኢንች ማሳጠር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ያ ሞተር ወደ ጫሞ ሐይቅ ከወረደ ግን 700 ሜትር ያህል ዝቅ ብሏልና፣ ውኃ ላይ ከመዋሉ በፊት ሠንጠረዡን እንደገና አይታችሁ ጄቱን ለዚያ ከፍታ ቀይሩ።