የአባቴን ምላጭ ስስል የተማርኩት

ጺሜን በተላጨሁ ማግስት አንገቴ ሽፍ ይላል። የኛ ጸጉር ከርዳዳ ነው፤ ባለ ሦስትና ባለ አምስት ስለቱ የፕላስቲክ መላጫ ጸጉሩን ሳብ አድርጎ ከቆዳው በታች ይቆርጠዋል፣ ሲያድግ ደግሞ ጫፉ ይጠመዘዝና መልሶ ቆዳውን ይወጋል። ቅባት ሞከርኩ፣ ማሽን ሞከርኩ፣ ጺሜን ማሳደግም ሞከርኩ። አንድ እሑድ እናቴ ቤት ሳጥን ስናስተካክል የአባቴ ምላጭ ወጣ፤ ጥቁር እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ፣ አንገቱ ላይ «ሶሊንገን» የሚል የጀርመን ከተማ ስም የተቀረጸበት። አባቴ ቅዳሜ ማታ በሱ ሲላጩ በር ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። እናቴ «ተቀምጦ ከሚዝግ ውሰደው» አለችኝ።

ምላጩ ዶልዱሟል፤ ጺም ይቅርና ወረቀት እንኳ በቅጡ አይቆርጥም። የምኖረው አራት ኪሎ፣ የምሠራው ለገሃር ነው፤ በዚህ መሐል የሚስልልኝ ሰው ብጠይቅ ሁሉም ስለ ቢላ የማወራ ይመስለዋል። ስለዚህ ራሴ ልስለው ወሰንኩ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ከስምንቱ ስድስቱ የባከኑት በአንድ ስሕተት ነው፤ ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው ያን ያህል ጊዜ እንዳያባክን ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ከመርካቶ ቢላ የሚሳልበትን ግራጫ ድንጋይ ገዛሁ። ለቢላ ይሆናል፣ ለምላጭ ግን ሻካራ ነው፤ አፉ ላይ በዓይን የሚታይ ጭረት ተወብኝ። ከዚያ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለምኜ በውሃ የሚሠሩ ሦስት ድንጋዮች አስመጣሁ፤ 1000፣ 4000 እና 8000። ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ እየላመ ይሄዳል። 1000ው አፉን ያበጃል፣ 4000ው የ1000ውን ጭረት ያጠፋል፣ 8000ው ደግሞ ያለሰልሳል።

ምላጭ መሳል ቢላ ከመሳል የሚቀልበት አንድ ነገር አለ። ቢላ ሲሳል ስንት ዲግሪ ማዘንበል እንዳለበት እጅ መገመት አለበት። ምላጭ ግን ማዕዘኑን ይዞ ነው የተሠራው፤ ጀርባውም አፉም እኩል ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፣ ጀርባው በምንም ምክንያት አይነሳም። የአባቴ ምላጭ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሲሰላ አፉ ወደ 18 ዲግሪ ይሆናል። የወጥ ቤት ቢላ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ምላጭ በቀላሉ ጸጉር የሚቆርጠውም፣ በቀላሉ የሚጎዳውም በዚህ ቀጭንነቱ ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። 1000ው ላይ አሥር ደቂቃ ያህል አሸሁና «በቃ» ብዬ ወደ 8000ው ዘለልኩ። እዚያ ላይ ሙሉ ምሽት ቆየሁ። ምላጩ እንደ መስታወት አበራ፤ ፊቴን አየሁበት። ፊቴ ላይ ሳሳርፈው ግን ጺሜን ይነጨዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ አገጬም ደማ። ድንጋዩ በቂ ልም ስላልሆነ ነው ብዬ ደመደምኩ። 12000 ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ብረት የሚወለወልበትን አረንጓዴ ክሮሚየም ኦክሳይድ ቆዳ ላይ ቀብቼ ሞከርኩ። ይበልጥ አበራ፤ ይበልጥ ነጨ። እንዲህ እያልኩ ስድስት ወር ሄደ።

ያወጣኝ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ፒያሳ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ጸጉር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እንደ ዛሬው ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ ሳይከፈት በፊት እሳቸው ራሳቸው ስለው ይላጩ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን ቢያዩልኝ» ብዬ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና አፉን ወደ ላይ አድርገው መብራቱ ስር ያዙት። ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ አዘነበሉት።

«እዚህ ጋ ነጭ ክር የመሰለ ይታይሃል?»

«አዎ፣ መሐሉ ላይ።»

«ስል አፍ ብርሃን አይመልስም፣ ልጄ። ይሄ ገና አልተገናኘም። አንተ ግድግዳው ሳይቆም ቀለም ስትቀባ ከርመሃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የምላጭ አፍ ሁለት ተዳፋት ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሁለቱ ጫፍ ላይ እስኪገጥሙ ድረስ ስለት የሚባል ነገር የለም። እንዲገጥሙ የሚያደርገው ብረት የሚበላው 1000ው ብቻ ነው። 8000ው ያገኘውን ይወለውላል፤ ያልገጠመ አፍ ቢያገኝ ያልገጠመውን ያሳምረዋል። እኔን ያታለለኝ ያ ብልጭታ ነበር።

እሳቸው የነገሩኝን መፈተሻ እስከ ዛሬ አልተውኩትም። ተራ ማርከር ትገዛለህ፤ ቀይ ቢሆን ይሻላል። አፉን በሁለቱም ወገን ዳር እስከ ዳር ትቀባለህ፤ ከዚያ 1000ው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አመላልሰህ ታየዋለህ። ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ድንጋዩን ነክቷል፤ ቀለሙ የቀረበት አልነካም። እኔ ስሞክር ተረከዙ (ወደ እጀታው ያለው ወገን) እና ጫፉ ጸድተው መሐሉ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀይ ቀረ። ስድስት ወር ሙሉ ያ ቦታ ድንጋይ አልነካውም ማለት ነው። ጠጋ ብሎ ለማየት ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚገጥሟት ዓይነት አሥር እጥፍ የምታጎላ መነጽር ገዛሁ። ከድንጋዮቹ ቀጥሎ የከፈልኩት ምርጥ ገንዘብ እሱ ነው።

ያን ቀይ ሳይ መጀመሪያ ምላጩ ላይ ብቻ ፈረድኩ፤ ጥፋቱ የድንጋዩም ነው። የውሃ ድንጋይ ሲሠራበት ይበላል፣ እኩል ግን አይበላም። ማስመሪያ በጎኑ አቁሜ ብርሃን ሳሳልፍ የኔው ቆልመም ብሎ ቆየኝ። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ መስኮት ሠሪዎች ጋ ወፍራም መስታወት አስቆረጥኩ፣ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ዘረጋሁበት፣ ድንጋዩ ላይ በእርሳስ መረብ ሣልኩና ውሃ እያፈሰስኩ መረቡ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አሸሁት። አሁን ከእያንዳንዱ መሳል በፊት እንዲህ አደርጋለሁ። ውሃ የሚጠፋበትን ቀን አውቄ ጄሪካን ካልሞላሁ ደግሞ ሥራው አይጀመርም።

ከዚያ ሦስት ምሽት 1000ው ላይ ብቻ ቆየሁ። ምላጩ ከድንጋዩ ወርድ ስለሚረዝም ከተረከዙ ጀምሬ በሰያፍ እስከ ጫፉ እስበዋለሁ፤ አፉ ይቀድማል፣ ጀርባው ይከተላል። ለመመለስ ስገለብጠው በጀርባው ነው የማዞረው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጫን እላለሁ፤ ቀለሙ ሁሉ መጥፋት ሲጀምር የምላጩ ክብደት ብቻ ይቀራል። ጫና አፉን ያጥፈዋል፤ ቀጭን ነውና ይተጣጠፋል። በሦስተኛው ምሽት ቀለሙ ዳር እስከ ዳር ጠፋ፣ ነጩ ክር ጠፋ፣ የክንዴን ጸጉር ከቆዳው አጠገብ ያለ ግፊት ቆረጠው። ከዚያ በኋላ 4000ው ላይ አርባ፣ 8000ው ላይ ሃምሳ ምልልስ፤ ሁለቱም ተደምረው ግማሽ ሰዓት አልፈጁም።

ከድንጋይ በኋላ ቆዳ አለ። ወፍራም የጫማ ቆዳ በቀበቶ ወርድ አስቆርጬ በር እጀታ ላይ አሰርኩት። እዚህ ጋ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፣ አፉ ይከተላል። ይህን ረስቼ በመጀመሪያው ሳምንት ቆዳውን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። ቆዳው መወጠር አለበት፤ ከረገበ አፉን ያጎብጠዋል። ከቆዳው በፊት ሃያ ያህል ጊዜ አቡጀዲ ላይ አመላልሰዋለሁ፣ ከዚያ ቆዳው ላይ ሃምሳ። ይህ ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ነው። በደንብ ከተያዘ ምላጩ ወራት ድንጋይ አያስፈልገውም።

ክረምቱ ግን ሌላ ጉዳይ አመጣ። በሐምሌ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትቼው አፉ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የሆነ ዝገት ወጣበት፤ እዚያች ቦታ ላይ ጥርስ አወጣና እንደገና ወደ 1000 ተመለስኩ። አሁን ከተላጨሁ በኋላ በደረቅ ጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት እቀባዋለሁ፣ መኝታ ቤት አስቀምጠዋለሁ።

ለፊት ደግሞ፦ ሙቅ ውሃና አረፋ፣ ቆዳውን በሌላው እጅ ወጠር ማድረግ፣ ምላጩን 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል፣ ጸጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ መሳብ። ወደ ላይ አልልም፤ አንገቴን የሚያሳብጠው እሱ ነበር። አንድ ምላጭ የአንድ ሰው ነው። ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ በደም ይተላለፋሉ፤ ወንድሜ ሊሞክረው ሲለምነኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ከምናለሽ ተራ የራሱን ገዛ። እጀታው ተሰንጥቋል፣ ብረቱ ግን ጤነኛ ነው። ትናንት ማታ እኔ ጋ መጥቶ ማርከር ቀባነው። ጫፉ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀይ ቀርቷል። «በቃ ወደ 8000ው እንለፍ» አለ። ነገም 1000ው ላይ ነን።