ቢሮ ውስጥ የእርሻ መድኃኒት አይረጭም

የምሠራው ለገጣፎ ነው፣ ጠቅላላ አገልግሎት ክፍል። የእንግዳ መቀበያችን ሰፊና ብርሃን የሚገባው ስለሆነ ፊከስ፣ ክሮተንና ሌሎችም የቤት ውስጥ ተክሎች ደርድረንበታል። እኛ ጋ የደረሰው ሌላ ቦታ እንዳይደገም ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

ነገሩ በአንዱ ክሮተን ጀመረ። የጽዳት ባልደረባችን ቅጠሉን ስትወለውል እጇን ያዝ፣ ያዝ አደረጋት። ከሥሩ ያለው ወለልም ይጣበቃል። ትንሽ ቆይቶ ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበት ጉያ ውስጥ ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር ታየ፣ ከዚያ ወደ ፊከሶቹ ተሻገረ። አለቆቻችን ትልቅ እንግዳ ይጠብቁ ነበርና ቶሎ ይጥፋ ብለው ተባይ ማጥፊያ የሚረጭ ሰው አስጠሩ።

ሰውየው የመጣው ዓርብ ማታ፣ ሁላችንም ከወጣን በኋላ ነው። ጥበቃው እንደነገረኝ መድኃኒቱን የያዘው በሃይላንድ ነበር። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። «የእርሻ ነው፣ ጠንካራ ነው» ብሎ ረጭቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እንግዳ ተቀባያችንን እስከ ረፋዱ ራሷን አመማት፣ አቅለሸለሻት፣ ወደ ቤቷ ላክናት። የመጠጥ ውኃው ከነብርጭቆው ተክሎቹ አጠገብ ነበር፣ ማንም አልሸፈነውም። ይህን ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ። ሐኪም ዘንድ ብትሄድስ ምን ተነፈስኩ ልትል ነው? በሃይላንድ ተቀንሶ የሚሸጥ መድኃኒት አንዱ ትልቅ አደጋው ይኸው ነው፣ ሰው ሲጎዳ ምን እንደነካው የሚያውቅ የለም። የእርሻ መድኃኒት ደግሞ ነፋስ ለሚያገኘው ማሳ የተሠራ ነው፣ የሚረጨውም ሰው ጭምብልና ጓንት ማድረግ አለበት። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ግን ሶፋው፣ መጋረጃውና ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፣ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይቀመጣል።

ተባዩ ግን አልሞተም።

ያኔ ነው አትክልተኛችንን ያማከርኩት። ጋሼ ነው የምንላቸው። ድሮ ሰበታ አካባቢ አበባ እርሻ ሠርተዋል። «ልጄ፣ መጀመሪያ ጉንዳኑ ወዴት እንደሚወጣ ተመልከች» አሉኝ። እውነትም ጉንዳኖቹ ከመስኮቱ ሥር ተሰልፈው ግንዱን ይወጣሉ። ባለሙያዎች ሚሊበግ የሚሉት ይህ ተባይ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥና ጣፋጭ ትርፉን መልሶ ያወጣዋል፣ ቅጠሉንና ወለሉን የሚያጣብቀው እሱ ነው፣ ጉንዳኑም ያንን ስለሚወድ ተባዩን ከጠላቶቹ ይጠብቀዋል፣ ከተክል ወደ ተክል እየወሰደም ያዛምተዋል። ነጩ ነገር ሰም ነው። ከላይ የሚረጭ ነገር በቀላሉ አያልፈውም። ሴቷ ደግሞ በዚያ ነጭ ከረጢት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

ጋሼ የጠየቁኝ 70 በመቶ አልኮልና የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ብቻ ነው። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ አልኮል የሌለው ቢሮ የለም። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው እስከ ማግስቱ ጠበቁ፣ ቅጠሉ አለመቃጠሉን ሲያዩ ነጩን አንድ በአንድ በአልኮል እየነኩ ጠረጉት። መስኮቱን ከፍተው ነው የሠሩት፣ አልኮል እሳት ይወዳልና። ከዚያ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጠው የቅጠሎቹን ሆድ ጭምር አጠቡ፣ በኋላም በንጹሕ ውኃ አለቀለቁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና እንዳትሞክሩ፣ ቅጠል ያቃጥላል። ጉንዳኑ የሚገባበትንም ስንጥቅ ደፈኑ። በየሳምንቱ መድገም ግድ ነው፣ ያመለጠ እንቁላል ይፈለፈላልና። እኛ ከወር በላይ ደጋግመናል። የመጀመሪያው ክሮተን ግን እጅግ ስለተጎዳ በፌስታል ታስሮ ተጣለ።

ሁሉም ተባይ በዚህ መንገድ አይጠፋም። ከአፈሩ ላይ ብን የሚሉ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ካያችሁ ውኃ አብዝታችኋል፣ የላዩ አፈር እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀትም በራሪዎቹን ይይዛል። ከቅጠሉ ሥር ስስ ድር ካለና ቅጠሉ በነጠብጣብ ከገረጣ፣ አበባ እርሻ የሠሩት ማይት የሚሉት ነው፣ ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለም። ደረቅ አየር ይስማማዋል። ብዙ የነፍሳት መድኃኒት እሱን ትቶ እሱን የሚበሉትን ይገድላል። ጋሼ እንዳጫወቱኝ አበባ እርሻዎቹ ራሳቸው ማይት የሚበላ ሌላ ማይት ይለቃሉ።

ክሮተኑ የመጣው ከመንገድ ዳር ተገዝቶ ነው፣ በዚያው ቀን ነው ከሌሎቹ ጋር የተደረደረው። አሁን አዲስ ተክል ሲገዛ መስኮት ባለው ዕቃ ክፍል ለብቻው ሦስት ሳምንት ይቆያል። ጋሼ የቅጠሉን ሆድ፣ ጉያውንና የመትከያውን ሥር አይተው «ይግባ» ካላሉ አይገባም። ጥበቃውም ፋብሪካ ያላሸገውን፣ ስሙ የማይነበብ መድኃኒት በር ላይ ይመልሳል።