ከፈተና እስከ ካርድ

ሰኔ ሲገባ ግቢያችን ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ካርድ መቼ ነው?» ተማሪው ይጠይቃል፣ ወላጁ ይጠይቃል፣ መምህሩም የክረምት ዕረፍቱን እያሰበ ይጠይቃል። የምመራው አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከፈተናው ማግስት እስከ ካርድ ቀን ያለው ጊዜ ለብዙ ዓመታት ባለቤት አልነበረውም። መምህራን ስታፍ ቁጭ ብለው ማርክ ሊስት ይሞላሉ፣ የክፍሉን ሁሉ ውጤት የሚያጠቃልለውን ሮስተር ይሠራሉ። ተማሪው ወይ ቤቱ ይቀራል፣ ወይ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያሳድድ ይውላል። ዘንድሮ ጉልበቴን ያዋልኩት እዚህ ጊዜ ላይ ነው።

ነገሩን ያስጀመረን ምገባው ነው። ምገባ ካለ ልጅ ይመጣል። ፈተና ካለቀ በኋላም ጠዋት ቁርስ፣ ቀትር ላይ ምሳ በልተው የሚሄዱ ብዙ ነበሩ። በመሀል ግን የሚሠሩት ነገር የለም። ምክትሌ አንድ ቀን ከመስኮት እያየቻቸው «እነዚህ ሁሉ ልጆች እዚህ እያሉ እኮ ነው ተማሪ የለም ብለን ሪፖርት የምንጽፈው» አለች። እውነቷን ነው።

መምህሩ ሮስተር ላይ ተቀብሮ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ሰኔ ላይ አልተጀመረም፤ ከሁለተኛው ሴሚስተር መግቢያ ላይ ነው የተጀመረው። የተከታታይ ምዘናውን ውጤት ወር በወር ማርክ ሊስቱ ላይ እያሰፈሩ እንዲሄዱ ተስማማን። ሰኔ ላይ የሚቀረው የማጠቃለያ ፈተናው፣ ድምሩ፣ አማካዩና ደረጃው ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ማጉረምረም አልጠፋም። አንድ አንጋፋ መምህራችን «እስክሪብቶዬንም ልትቆጣጠሪው ነው?» አለኝ። መምህራኑን የሚያስተባብሩት ዩኒት ሊደሮች ባይገፉት ኖሮ ቃለ ጉባኤ ላይ ይቀር ነበር።

በተረፈው ጊዜ መጀመሪያ የነካነው መጽሐፍ ነው። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ መጽሐፍ በወቅቱ አልደረሰም። መምህሩ ከስልኩ ፒዲኤፍ እያየ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የከረመበትን ጊዜ የማይረሳ ሰው፣ አንድ መጽሐፍ ሲቀደድ ያመዋል። ድሮ መጽሐፍ ማስመለስ የንብረት ክፍልና የተማሪ ጠብ ነበር። ዘንድሮ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው ጠጋኝ ሆኑ። ካርቶን፣ ኮላ፣ ወፍራም ክርና መርፌ አቀረብን። የመጀመሪያው ቀን ኮላው ከመጽሐፉ ይልቅ የእርስ በርስ ፀጉር ላይ ነበር የዋለው፤ እሱ ይቅር። ከዚያ በኋላ ግን ሽፋኑ የተገነጠለው አጠቃላይ ሳይንስ ሁሉ ቆዳ ለበሰ ማለት ይቻላል። የጠገኑት ልጆች ደግሞ የሌላውን አያያዝ መቆጣጠር ጀመሩ። እኔ ለዓመታት በሰልፍ ላይ ስለፈልፍበት የኖርኩትን ነገር ማለት ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ርክክቡን ነው። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ወንበር በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ጠመኔ ሳይቀር በፊርማ ነው። ልጅ ግን ያለ ርክክብ ነው ከክፍል ወደ ክፍል የሚያልፈው። አዲሱ መምህር መስከረም ላይ የሚያገኘው ስምና አማካይ ውጤት ነው። የልጁን ጠባይ እስኪለምድ ኅዳር ይደርስበታል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ስም ጠሪ መምህር ስለ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሦስት መስመር ጽፎ፣ ከተረካቢው መምህር ጋር ፊት ለፊት እንዲነጋገር አደረግን። ስለ ውጤት መጻፍ ክልክል ነው፤ ውጤቱ ካርዱ ላይ አለ። የአንዱ ልጅ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ከኋላ ሲቀመጥ አይጽፍም። ፊት ሳመጣው ይጽፋል። ዓይኑን ይታይ።» ይህ ልጅ በካርዱ ከታየ ሰነፍ ነው። ሌላዋ ላይ ደግሞ «ሰኞ ሰኞ ታረፍዳለች፤ ታናሽ ወንድሟን እሷ ናት የምታደርሰው። አትቆጧት» ተብሎ ተጽፏል። አንዳንዱ መምህር «ጎበዝ ነው፣ በርታ» ብቻ ጽፎ አምጥቶ ነበር። መለስኩት።

ወደ ወላጅ እንምጣ። የካርድ ቀን አከባበራችን የታወቀ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ይጠራሉ፣ ደብተርና መዝገበ ቃላት ይሸለማሉ፣ የተቀረው ያጨበጭባል። አንዲት እናት «ልጄ ደረጃ ካልወጣ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» ብላኝ ታውቃለች። ሽልማቱን አላስቀረሁትም። ደስታ ነው፣ ለምን ይቀራል? ግን ቅድሚያ ወላጅ ሁሉ የልጁ ክፍል ገብቶ፣ ልጁ የሚችለውን አንድ ነገር እንዲያይ አደረግን። ቀኑንም እሁድ አደረግነው። በሥራ ቀን ጠርተን ወላጅ አይመጣም ብሎ መውቀስ አይገባኝም። የቀን ሠራተኛ የቀረበት ቀን የዕለት ጉርሱ ነው።

ጥሪውን ያደረሰልን እድሩ ነው። በልጅ የምንልከው ደብዳቤ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚያልቀው። የሰፈሩን የእድር ዳኛ ለመንኳቸው፣ በወርሃዊው ስብሰባ ላይ ተናገሩልን። ድንኳንና አግዳሚ ወንበርም ሰጡን። «ድንኳኑ ለለቅሶ ብቻ ነው ያለው ማነው?» አሉኝ። የሰኔን ዝናብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በካርዱ ቀን ወደ አንዱ የሁለተኛ ክፍል መማሪያ ስገባ አንድ አባት ከሌሊት ጥበቃ የመጡ መሰለኝ፣ ዩኒፎርማቸውን እንኳ አላወለቁም። ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሷል። ልጃቸው በጣቷ እየተከተለች ታነብላቸዋለች። አንድ ቃል ላይ ቆመች። መምህርቷ አስቀድማ «ሲደናቀፉ አትንገሯቸው፣ ጠብቋቸው» ብላ ነበርና አባትየው አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራቻቸው፣ ከዚያ ገጣጥማ አለችው። ሰውየው ቀና ብለው አዩኝና «እኔ ካርዱን ብቻ ነበር የምፈርመው» አሉኝ።

ያልተሳካልን የስምንተኛ ክፍሎቹ ነገር ነው። ሚኒስትሪ ተፈትነው ከወጡ ማን ይመልሳቸዋል? ደብተር ቀደው በተኑ፣ ሸሚዛቸው ላይ ተፈራረሙ፣ ሄዱ። ለዘጠነኛ ክፍል መምህሮቻቸው የጻፍነው ወረቀትም እኛው ጋ ቀርቷል፤ ማን የት እንደሚመደብ ገና አይታወቅም። ትምህርት ቤት ሊቀይሩ ለመሸኛ ለመጡት ልጆች ግን ወረቀቱን ከመሸኛው ጋር አሽገን ሰጥተናል። በዚህ ዓመት ሰፈራቸው ፈርሶ ዳር ከተማ የገቡ ልጆች አሉ፤ ማንም በማያውቃቸው ግቢ ነው የሚጀምሩት። ከተቀባዮቹ አንዷ ርዕሰ መምህርት ደውላ «ይሄን ወረቀት ለሁሉም ነው የምትጽፉት?» አለችኝ። ቅጹን በቴሌግራም ላኩላት። ለስምንተኛዎቹ ያሰብኩት፣ በሚቀጥለው ዓመት ርክክቡን ከሚኒስትሪው በፊት፣ ግንቦት ላይ መጨረስ ነው።